ኮሮላዬ አንዳንዴ "ጠቅ" ብላ ዝም ትላለች፤ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. የ1994 ኮሮላ አለኝ፤ ቤንዚን፣ ማርሿ በእጅ። ደብረ ሲና፣ ሲያስፈልግም እስከ ሸዋሮቢት እመላለስባታለሁ። ያስቸገረኝ መቼ እምቢ እንደምትል አለመታወቁ ነው። ጠዋት በዚያ ሁሉ ውርጭ አንዴ ስነካት ትነሳለች። ሸዋሮቢት ወርጄ፣ ፀሐይ ላይ ትንሽ አቁሜያት ስመለስ ግን ቁልፉን ሳዞር አንዴ "ጠቅ" ትልና ዝም። ደጋግሜ ሳዞር ድንገት ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። አልፎ አልፎ እዚህ ብርዱ ላይም ታደርገዋለች።

ጋራዥ ወሰድኳት። ባትሪ ነው ተባልኩ፤ አዲስ ገዛሁ፤ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ ዲናሞ ቀይር እየተባልኩ ነው። እናቴን ለሐኪም ቀጠሮ የማመላልሳት በዚህችው መኪና ነው። ጣርማበር ላይ፣ በዚያ ጉም መሀል ሞተር ማጥፋት እፈራለሁ። ሌላ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት በምን ልለየው?

መላሽ፣ ሸዋሮቢት

ወንድሜ፣ እናትህን እግዜር ይማርልህ። "ጠቅ" ስትል የዳሽቦርዱ መብራት ይደበዝዛል ወይስ እንዳለ ነው? ሲገፏትስ ትነሳለች?

ጠያቂ

አሜን። መብራቱ እንዳለ ነው። በሁለተኛ ማርሽ ስንገፋት ወዲያው ትነሳለች።

መላሽ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ

እንግዲያው ዲናሞውን ለጊዜው ተወው። ዲናሞ ባትሪ ይሞላል እንጂ ሞተር አያስነሳም። ባትሪህ ደክሞ ቢሆን መብራቱ ይደበዝዝ ነበር፤ ድምፁም ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለ ይከታተል ነበር። ማረጋገጥ ከፈለግህ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ለካ። ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካሳየህ ዲናሞው ጤነኛ ነው። ስትገፋ ወዲያው መነሳቷ ደግሞ ካንዴላውና ነዳጁ ደህና መሆናቸውን ይነግርሃል።

መብራት ሳይደበዝዝ አንድ ጠቅታ ብቻ ከተሰማ ብዙ ጊዜ ሞተሪኖ ነው፤ ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ማለት ነው። ውስጡ ትልቁን ጉልበት የሚያገናኙ ሁለት የመዳብ ቁራጮች አሉ። ቁልፍ በዞረ ቁጥር ብልጭታ ይበላቸዋል። አንዱ ሲሳሳ፣ ተገፍቶ የሚመጣው ብረት አንዳንዴ ይነካዋል፣ አንዳንዴ ይስተዋል። ስትደጋግም የምትነሳልህ ለዚህ ነው። የድሮ ቶዮታ ላይ በጣም የተለመደ ነው። ሲሞቅ ሽቦው ኤሌክትሪክ እንደልብ ስለማያሳልፍ ቆላ ስትወርድ ይብስበታል።

ግን በግምት አታስፈታው። መለካት ያለብህ እምቢ ባለችበት ሰዓት ነው። በደህናዋ ሰዓት ብትለካት ሁሉም ልክ ነው የሚልህ። ጋራዥ ስትደርስ ስለምትነሳ እኮ ነው ሰው ዕቃ በዕቃ እየቀየረ የሚከስረው። ርካሽ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) መኪናው ውስጥ ይኑርህ። እምቢ ስትል ማርሹን ዜሮ አድርግ፣ ጎማውን በታኮ አስይዝ፣ አንድ ሰው ቁልፉን ያዙርልህ። ወደ ሞተሪኖው የሚሄደውን ቀጭን ሽቦ ለካ። ከ10 ቮልት በላይ እየደረሰው ካላዞረ ቁልፉ ነፃ ነው። ምንም ካልደረሰው ወደ ቁልፉና ሬሌው ተመለስ። ቀጥለህ ከባትሪው ነጋቲቭ እስከ ሞተሩ ብረት ለካ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ጣጣው የማሳው ገመድ ነው፤ ነጋቲቩን ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያገናኘው።

መላሽ፣ መሀል ሜዳ

ማሳውን አትናቀው። የእኔ ገመዱ ከላይ አዲስ ይመስል ነበር፤ ብሎኑ ሲፈታ ሥሩ በዝገት ተሸፍኗል። በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ሲታሰር ችግሩ ጠፋ። ደግሞ ልትነሳልህ ብለህ ቁልቁለት ላይ በእጅ ፍሬን ብቻ አታቁማት፤ በተለይ እናት ውስጥ እያሉ።

ጠያቂ

እግዜር ይስጥልኝ። ሸዋሮቢት ላይ እምቢ ስትል ለካሁ። ቀጭኑ ሽቦ 11.4 ቮልት አለው፤ ማሳው ላይ ምንም የለም። ሞተሪኖው ወርዶ ተፈታ፤ አንደኛው መዳብ ግማሹ ተበልቷል፣ ልክ እንዳሉት። አሁን ጠረጴዛ ላይ ተበትኖ ነው ያለው። ሁለቱም መዳብ ይቀየራል። ሞተሪኖው ውስጥ ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ካርቦኑስ አብሮ ይቀየር?

መላሽ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ

ካርቦኑ አጥሮ ከሆነ አሁኑኑ ይቀየር፤ ሁለተኛ የማስፈቻ ሒሳብ አትክፈል። መዳቡን የሚነካውን ብረትም አገላብጠህ እየው። ፊቱ ከጎደጎደ እሱንም ለውጠው፤ አለበለዚያ አዲሱን መዳብ ቶሎ ያበላሸዋል። ከመታሰሩ በፊት ሞተሪኖውን ባትሪ ላይ በደንብ አስይዘው ደጋግመው ይሞክሩልህ፣ አንተም ቆመህ እይ።