ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ለምገጣጥመው ኮምፒውተር የትኛውን ፕሮሰሰር ልግዛ?

ጥያቄ፦ ከቱሉ ዲምቱ

ጤና ይስጥልኝ። በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምኖር የሒሳብ ሠራተኛ ስሆን፣ ማታ ማታ የሠርግና የክርስትና ቪዲዮዎችን በአዶቢ ፕሪሚየር በማቀናበር ተጨማሪ ገቢ አገኛለሁ። ያገለገለው ላፕቶፔ ሥራውን መሸከም ስላቃተው፣ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ገዝቼ ኮምፒውተር በራሴ እጅ ለመገጣጠም ወስኛለሁ። ገንዘቤ ለብቻው የሚሸጥ የግራፊክስ ካርድ አይችልም። በመጨረሻ የቀሩኝ ሁለት ፕሮሰሰሮች የኢንቴል ኮር አይ3-12100 እና የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ጂ ናቸው። አንድ ሻጭ ደግሞ «12100ኤፍ ውሰጂ፣ ያው ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል» ብሎኛል። በሰፈራችን መብራት ብልጭ ድርግም እንደሚልም አስባችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ከጀሞ፣ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ

እህቴ፣ የሻጩን ምክር አይቀበሉት። የኢንቴል ፕሮሰሰር ከቁጥሩ ቀጥሎ «ኤፍ» የሚል ፊደል ካለው የግራፊክስ ክፍሉ አይሠራም ማለት ነው፤ ማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) የኤችዲኤምአይ (የስክሪን ገመድ) መሰኪያ ቢኖረውም እንኳ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። የግራፊክስ ካርድ ለማይገዛ ሰው 12100ኤፍ ርካሽ ሳይሆን የማያገለግል ዕቃ ነው። በኤኤምዲ በኩል ደግሞ በዚህ ትውልድ ግራፊክስ ያለው «ጂ» የሚል ፊደል የተጨመረበት ስለሆነ፣ 5600ጂ ሲባሉ ተራውን 5600 ወይም 5500 ይዘው እንዳይመለሱ ሣጥኑን አንብበው ይክፈሉ።

ከሁለቱ እኔ ወደ 5600ጂ አደላለሁ። 6 ኮር (ሥራውን የሚሠራ የፕሮሰሰር ክፍል) እና 12 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚካሄድ የሥራ መስመር) ሲኖረው 12100 ያለው 4 ኮርና 8 ትሬድ ነው፤ ግራፊክሱም ይበልጣል። የትኛውንም ቢመርጡ ግን አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ) ከሚገዙ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ይግዙ። በፕሮሰሰር ውስጥ ያለ ግራፊክስ የራሱ ማስታወሻ ስለሌለው ከራሙ ይበደራል፤ ራሙ በሁለት መስመር ሲሠራ ደግሞ ፍጥነቱ በግልጽ ይታያል።

መልስ፦ ከሰበታ

በእኔ ላይ የደረሰውን ላካፍልዎ። 5600ጂ ገዝቼ፣ ገንዘብ ለመቆጠብ ብዬ ያገለገለ ቢ450 ማዘርቦርድ ወሰድኩ። ገጣጥሜ ስጨርስ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ምንም አያሳይም። ፕሮሰሰሩ የተበላሸ መስሎኝ ብዙ ቀን ተጨነቅሁ። ችግሩ ግን ሌላ ነበር፤ ቢ450 በ2018 የወጣ ቦርድ ሲሆን 5600ጂ የወጣው በ2021 ስለሆነ፣ የቦርዱ ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ካልታደሰ ፕሮሰሰሩን አያውቀውም። የቆየ ራይዘን ከጓደኛዬ ተውሼ ባዮሱን ማደስ ግድ ሆነብኝ።

እዚህ ላይ ነው የመብራቱ ነገር የሚመጣው። ባዮስ እየታደሰ ሳለ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ ባዮስ የሚያድሱ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባለ ባትሪ መሣሪያ) ላይ ሰክተው ይሁን። ያገለገለ የኤኤም4 (5600ጂ የሚገባበት የሶኬት ዓይነት) ፕሮሰሰር የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ገልብጠው ፒኖቹን (ቀጫጭን እግሮቹን) አንድ በአንድ ይዩ፤ ማቀዝቀዣው ሲነሳ የደረቀው ተርማል ፔስት (በሁለቱ መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ፕሮሰሰሩን አብሮ እየነቀለ ፒን ያጣምማል። በ12100 ዓይነቱ ፒኑ ያለው ቦርዱ ላይ ስለሆነ፣ እዚያ የሚመረመረው የቦርዱ ሶኬት ነው።

መልስ፦ ከለገጣፎ፣ ቪዲዮ አቀናባሪ

የጀሞው ወንድሜ ስለ ኮር ብዛት የተናገሩት እውነት ነው፤ ለጨዋታ ወይም ለሌላ ከባድ ሥራ ቢሆን እኔም 5600ጂን እመርጥ ነበር። ጠያቂዋ የሚሠሩት ግን ቪዲዮ ነው፣ ያውም በፕሪሚየር። ኢንቴል በግራፊክሱ ውስጥ ኩዊክ ሲንክ የሚባል ቪዲዮን ለመፍታትና ለማመቅ ብቻ የተሠራ ክፍል ስላለው፣ ፕሪሚየር ያንን ሲጠቀም ዋናዎቹ ኮሮች ከብዙ ድካም ይድናሉ። ከሁሉም በላይ፣ ዛሬ ሠርግ የሚቀረጽባቸው ብዙ ካሜራዎች ባለ 10 ቢት 4፡2፡2 ኤችኢቪሲ የሚባል፣ ብዙ የቀለም መረጃ የያዘና በጣም የታመቀ የቪዲዮ ፋይል ያወጣሉ። የ12100 ግራፊክስ ይህን በቀጥታ ይፈታዋል፤ የ5600ጂ ግራፊክስ ግን ስለማይችል ሸክሙ በሙሉ ኮሮቹ ላይ ይወድቃል፣ ምስሉም እየተንቀረፈፈ ይሄዳል። ቀራጩ የሚያመጣልዎ ፋይል ምን ዓይነት እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁት።

12100 እና ኤች610 የሚባለው ርካሽ ማዘርቦርድ በጥር 2022 በፈረንጆቹ አብረው የወጡ ስለሆኑ፣ በሰበታው ወንድሜ ላይ የደረሰው የባዮስ ጣጣም አያገኝዎትም። ገንዘብ ሲገኝ እዚያው ቦርድ ላይ ባለ 6 ኮሩን አይ5-12400 ማስገባት ይችላሉ። ቦርዱ ዲዲአር4 ወይስ ዲዲአር5 እንደሚወስድ ግን ራም ከመግዛትዎ በፊት ያረጋግጡ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ጠያቂዋ፦ ከቱሉ ዲምቱ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ቀራጩን ጠይቄው ፋይሎቹ 4፡2፡2 ኤችኢቪሲ መሆናቸውን ነግሮኛል፤ ላፕቶፔን ሲያስጨንቀው የኖረው ምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። አይ3-12100 ያለ «ኤፍ»፣ ዲዲአር4 የሚወስድ ኤች610 ማዘርቦርድና ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ራም ልገዛ ነው። ከ12100ኤፍ የሚበልጠውን የዋጋ ልዩነት ለኬዝ ካሰብኩት ላይ ቀንሼ አሟላለሁ፤ ዩፒኤሱን ግን ከዕቃዎቹ ሁሉ በፊት እገዛዋለሁ።