ልጄ ካውንቲ ፌር (የአካባቢው የእርሻና የከብት ትርኢት) ላይ በግ ላሳይ ትላለች፣ የሚያውቅ አለ?

የሚኒሶታዋ እናት፦
ሰላም ወገኖቼ፣ የ11 ዓመት ልጄ ፎር ኤች (እንስሳት ማርባትም የሚያስተምር የልጆች ክበብ) ገብታ በሚቀጥለው ሰመር በግ ካላሳየሁ ብላ ትነዘንዘኛለች። እኛ ያለነው አፓርታማ፣ በግ የት ላኑርላት? ደሞ ትርኢቱ ሲያልቅ በጉ በጨረታ ተሸጦ ይታረዳል ሲሉኝ ለልጅቷ አሰብኩላት፣ ያለፋችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ እስቲ

አቤል፦
እህቴ እርሻ የግድ አይደለም፣ ብዙ ቦታ ከገበሬ በግ ተከራይቶ እዛው እየሄዱ መንከባከብ ይቻላል። ፎር ኤችን የሚያስተባብረው የካውንቲሽ ኤክስቴንሽን ቢሮ ደውዪ፣ ግን እንስሳው የሚመዘገብበት ቀን ካለፈ ስለማይቀበሉ ቶሎ በይ። አንድ ነገር አደራ፣ የፍየል መኖ እንዳትሰጡት! ኮፐር (መዳብ) ይበዛበታል፣ በግ ደሞ ብዙ ኮፐር አይችልም፣ ጉበቱ ውስጥ ተጠራቅሞ ይገድለዋል።

ትዕግስት፦
ሾውማንሺፕ (የአቀራረብ ውድድር) የሚባለው ላይ ዳኛው የሚያየው በጉን ሳይሆን ልጅቷን ነው። ያለ ገመድ አገጩን ይዛ ራሱን ቀና አድርጋ ታቆመዋለች፣ ዳኛው በዞረ ቁጥር በጉ በሱና በሷ መሃል እንዲሆን ቦታ ትቀይራለች፣ ስለ መኖውም ይጠይቃታል፣ ስለዚህ በየቀኑ ይዛው ትራመድ። ስለ እርዱ ከመጀመሪያው ቀን ቁጭ አድርገሽ ንገሪያት፣ ድንገት ስትሰማ ነው ልጅ የሚሰበረው። ካልቻለች ለእርባታ የምትቀርብ ሴት በግ ትያዝ፣ እሷ አትታረድም።

የሚኒሶታዋ እናት፦
ተባረኩ! ሴት በግ እንዳለ ማንም አልነገረኝም ነበር፣ ሰኞ እደውላለሁ።