ለስደተኛ መጠለያ የጤና ሠራተኛ፦ ይመደብ ወይስ ከመካከላቸው ይሠልጥን?

አወያይ፦ በጋምቤላ በኩሌና በቴርኪዲ መጠለያዎች የሚኖሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ቤት ለቤት የሚያገለግለው ማን ይሁን? ከራሳቸው መካከል የሠለጠነ ሰው ወይስ የእኛ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ? ከስድብ በስተቀር ሁሉም ይፈቀዳል።

ጤና መኮንኑ፦ የእኛዎቹ ይመደቡ። ብዙዎቹ 10ኛ ክፍል ጨርሰው ቢያንስ አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ ደመወዝ የተቆረጠላቸው፣ ተጠሪነታቸው የታወቀ ናቸው። በጥቂት ቀናት ሥልጠና የሚሠማራ ስደተኛ ቢሳሳት ማን ሊጠየቅ ነው?

እህት ከኢታንግ፦ ወንድሜ፣ አብዛኞቹ ስደተኞች የሚናገሩትን ኑዌርኛ የማትችል ሠራተኛ የአንድ ሕፃን ክንድ ለካች እንበል። መለኪያው ቀዩ ላይ አረፈ፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ነው፣ ከባድ የምግብ እጥረት ማለት ነው። የሚሰጠው የለውዝ ቅባት መድኃኒቱ እንደሆነና ለወንድሞቹ እንደማይካፈል ለእናቱ በምን ቋንቋ ታስረዳት? በ2006 ዓ.ም. እነዚሁ መጠለያዎች ውስጥ ሄፓታይተስ ኢ ገብቶ ነበር። በተበከለ ውሃ የሚተላለፍ፣ እርጉዞችን ክፉኛ የሚጎዳ የጉበት በሽታ ነው። እንዲህ ያለውን የሚገታው ጄሪካን ማሳጠብና ሰው በመጸዳጃ ቤት እንዲጠቀም ማግባባት ነው። እንግዳ ሰው ደጃፏ ቆሞ «ጄሪካንሽ ቆሽሿል» ቢላት፣ እኔ ብሆን በሩን እዘጋበታለሁ።

ጤና መኮንኑ፦ ኑዌርኛ ተናጋሪ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች በክልሉ አሉ እኮ!

እህት ከኢታንግ፦ አሉ፤ ግን የራሳቸው ቀበሌ አላቸው። እነሱን ወደ መጠለያ ብታዛውር የአካባቢው እናት ማንን ትጥራ? «ለስደተኛ ተሰጠ፣ ለእኛ ቀረ» የሚለውን ቅሬታ በገዛ እጅህ መጥራት ነው።

ሒሳብ ሹሙ፦ ሁለታችሁም ገንዘቡን ዘለላችሁት። ስደተኛው በጭቃ ከደጅ ደጅ ሲዞር ውሎ የሚቀበለው «ማበረታቻ» ነው፤ ደመወዝ ለማለት እንኳን አፍ አይደፍርም። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ ተቀጥሮ የመሥራት መብት እንዳለው ይናገራል። ታዲያ ሥራው ሙሉ፣ ክፍያው ምጽዋት የሚሆነው እስከ መቼ ነው? የተሻለ ያገኘ ሁሉ ጥሎ ሲሄድ ሥልጠናውም አብሮት ይሄዳል፤ እንደገና ከሀ ትጀምራላችሁ።

ጤና መኮንኑ፦ ይሁን፣ ይሠልጥኑ። ግን በጤና ጣቢያው ነርስ ቁጥጥር ሥር ይሁኑ፤ ትኩሳት ያለበትን ልጅ መርምረው ይላኩ እንጂ መርፌ አይንኩ። የምስክር ወረቀታቸውም በጤና ቢሮው ይታወቅ። ከዚህ ያነሰውን አልቀበልም።

ሒሳብ ሹሙ፦ የምስክር ወረቀቱን ከሰጠሃቸው በኋላም «ማበረታቻ» ልትላቸው ነው?

ጤና መኮንኑ፦ እሱን በጀት የያዘው ይመልስ።

እህት ከኢታንግ፦ ተጠያቂ ይኑር ስትል የነበርከው አንተ አልነበርክምን?