በሰረዝ የሚጀምር የፋይል ስም፦ ይህን የባግ ማስተካከያ ላጽድቀው?

ጠያቂ (ማራኪ፣ ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ጎንደር የብራና ጽሑፎችን በኮምፒውተር እየገለበጡ ለሚያስቀምጡ በጎ ፈቃደኞች ጊትን (የፋይሎችን የለውጥ ታሪክ የሚመዘግበውን ፕሮግራም) በቀላሉ እንዲጠቀሙ የሚያግዝ አነስተኛ የኮማንድ ላይን (በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ) ፕሮግራም ከጓደኞቼ ጋር እየሠራን ነው። ከጸሐፊዎቹ አንዷ ፋይሏ ከዝርዝሩ አናት እንዲወጣላት ብላ «-ተጨማሪ» የሚል ስም ብትሰጠው፣ የፋይልን ታሪክ የሚያሳየው ትእዛዛችን ስሙን እንደ ኦፕሽን (በሰረዝ ጀምሮ የትእዛዙን አሠራር እንደሚለውጥ ቃል) ቆጥሮ አላውቀውም አለ። ባልደረባችን የላከው ማስተካከያ የብራንችም (በጊት ተለይቶ የሚሄድ የለውጥ መስመር) ሆነ የፋይል ስም በሰረዝ ከጀመረ «አይፈቀድም» ብሎ ይመልሳል። ኮዱ አጭርና ንጹሕ ነው፤ ሆኖም ገምጋሚው እኔ ስለሆንኩ ከማጽደቄ በፊት አስተያየታችሁን እጠይቃለሁ።

መልስ (አዘዞ)

እንዳለ አያጽድቁት። በሰረዝ የሚጀምር የፋይል ስም በሊኑክስም በጊትም የተፈቀደ ነው፤ ጥፋቱ የስሙ ሳይሆን፣ ኦፕሽኑ የት አብቅቶ ስሙ የት እንደሚጀምር ለጊት የማይነግረው የፕሮግራማችሁ ነው። ከፋይሉ ስም በፊት ሁለት ሰረዝ (--) ለብቻው ቢቆም ጊት ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ፋይል ነው ብሎ ይወስደዋል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የብራንቹ ስም ነው፤ ከሁለቱ ሰረዝ በፊት ስለሚገባ እነርሱ አይጠብቁትም። አንድ ሰው በብራንች ፋንታ የአውትፑትን ኦፕሽን ከነባር ፋይል ስም ጋር ቢያስገባ፣ ታሪክ የሚያሳየው የጊት ሎግ ትእዛዝ ውጤቱን በዚያ ፋይል ላይ ጽፎ የነበረውን ያጠፋዋል። ገና ኮሚት ያልተደረገ (በጊት ታሪክ ያልተመዘገበ) የተገለበጠ ጽሑፍ ከሆነ የሰው ልፋት በዚያው ቀረ ማለት ነው። ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው የጊት 2.24 ጀምሮ ኢንድ-ኦፍ-ኦፕሽንስ (--end-of-options፣ «ኦፕሽኖቹ እዚህ አበቁ») የሚባል መለያ አለና ከብራንቹ ስም በፊት ይግባ።

መልስ (ፒያሳ)

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን መከልከል ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ጊትና መሰሎቹ መርኩሪያልና ሰብቨርዥን በሰረዝ የሚጀምር የሰርቨር ስም ለኤስኤስኤች (ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በምስጢር ለሚያገናኘው ፕሮግራም) ኦፕሽን ሆኖ እየተላለፈ የአጥቂን ትእዛዝ ያስፈጽም የነበረበትን ቀዳዳ ደፍነዋል፤ ጊት የደፈነው እንዲህ ያለውን ስም ባለመቀበል ነው። ትክክለኛ የሰርቨር ስም በሰረዝ ስለማይጀምር ማንም አልተጎዳም። ጊት ራሱ በሰረዝ የሚጀምር ብራንች መፍጠርን ስለሚከለክል የባልደረባዎ ክልከላ ለብራንች ይቆይ፣ ለፋይል ግን ይውጣ።

ደግሞም ስሞቹን ከጊት ዝርዝር የምታነቡ ከሆነ ያ የሰረዝ ፍተሻ ለአማርኛ ስም ጨርሶ አይሠራም። ጊት በነባሪ ቅንብሩ ከአስኪ (ከላቲን ፊደላት፣ ከቁጥሮችና ከተለመዱ ምልክቶች ስብስብ) ውጭ ያለውን ፊደል በቁጥር ለውጦ ስሙን በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያስገባዋል፤ «ተ» ለምሳሌ \341\211\260 ሆና ትወጣለች። ፍተሻው የሚያየው የመጀመሪያ ምልክት እንግዲህ ሰረዙ ሳይሆን ጥቅሱ ነው። ዝርዝሩን በዜድ ኦፕሽን (ከአንድ ሰረዝ ጋር) ብታወጡት ስሙ እንዳለ ይመጣል። ቴስቱም (ማስተካከያውን የሚፈትነው ኮድ) በላቲን ፊደል ብቻ ከተጻፈ ይህን አይይዝምና በዚያችው በ«-ተጨማሪ» ይጻፍ፤ በቀድሞው ኮድ ላይ ሮጦ መውደቁም ይታይ።

ጠያቂ

እጅግ አመሰግናለሁ። ዝርዝሩን ያለ ዜድ እንደምናነብ አሁን ኮዱን ከፍቼ አረጋግጫለሁ። ማስተካከያውን ከነአስተያየቱ መልሼ ልኬዋለሁ፤ የዝርዝሩን አነባበብ በአንድ ኮሚት፣ የኦፕሽኑን ጉዳይ በሌላ ኮሚት ለይቶ፣ ሁለቱንም ከየቴስታቸው ጋር እንዲያቀርብ ጠይቄዋለሁ።