ሰርቪስና ትራንስፖርት ተለያይተዋል ከተባለ ስልክ ሲደወልልኝ 4ጂው ለምን ይጠፋል?

ቤቲ_ኢሲኢ፦
ሰላም የቤቱ ሰዎች፣ ቴሌኮም ላይ የምትሰሩ ካላችሁ እስቲ አስረዱኝ። ክላስ ላይ ኤንጂኤን (የሚቀጥለው ትውልድ ኔትወርክ) እየተማርን ነው፣ መምህራችን በፈረንጆቹ 2004 የወጣውን የአይቲዩ (የዓለም አቀፉ የቴሌኮም ድርጅት) ዋይ.2001 ሰነድ አንስቶ ሰርቪሱ (ጥሪው፣ ቪዲዮው) ከስር ካለው ትራንስፖርት (ከሚያመላልሰው ኔትወርክ) ነጻ ነው፣ ትራንስፖርት መንገድ ሰርቪስ መኪና ነው ብሎ ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፈ። እሺ ብዬ ነበር ግን ዶርም ውስጥ በዳታ ቪዲዮ እያየሁ ስልክ ሲደወልልኝ 4ጂ የሚለው ጠፍቶ ኤች ፕላስ (3ጂ) ይሆናል፣ ቪዲዮውም ይንቀራፈፋል። በዋትስአፕ ሲደወልልኝ ግን ምንም የለም እዛው 4ጂ ላይ ሆኜ ነው የማወራው። ነጻ ከሆነ ተራው ስልክ ለምን መንገድ ይቀይራል? ፈተና ደርሷል ባካችሁ።

ኮር_ላይ_ነኝ፦
ጥያቄሽ ጥሩ ነው፣ ስልክሽ ላይ የምታዪው እኮ ገና ያልተለያየው የድሮው አሰራር ነው። ሲኤስ ፎልባክ ይባላል፣ ለጥሪ ወደ ድሮው ኔትወርክ መውረድ ማለት ነው። ኤልቲኢ (4ጂው ማለት ነው) ከመጀመሪያው ፓኬት (የተቆራረጠ ዳታ) ብቻ እንዲያመላልስ ነው የተሰራው፣ ለድምፅ የሚሆን ሰርኪት (ለአንድ ጥሪ ብቻ የሚያዝ መስመር) ምናምን የለውም። የድሮው ድምፅ ደግሞ ኤምኤስሲ የሚባለው ስዊች ጋ ነው ያለው። ስለዚህ ሰው ሲደውልልሽ ኤምኤስሲው ኤስጂስ በሚባል ኢንተርፌስ ለ4ጂው ኤምኤምኢ (ስልኮች የት እንዳሉ ለሚከታተለው) ይነግረዋል፣ ኤምኤምኢው ስልክሽን ጠርቶ ወደ 3ጂ ውረድና እዛ አንሳው ይለዋል። የሚደውልልሽ ሰው ስልኩ ከመጥራቱ በፊት ዝም የሚልበት ያቺ ጊዜ በከፊል የዚህ ውጤት ናት። ሳይቱ 3ጂ ከሌለውና 2ጂ ላይ ካረፈ ደግሞ ዳታው አብዛኛውን ጊዜ ጭራሽ ይቆማል።

ድሮ እንዴት ነበር ካልሽ፣ አንድ ኢዋን የሚባል ዲጂታል መስመር 32 ታይምስሎት (የጊዜ ተራ) አለው፣ 30ው ለድምፅ ነው፣ አንድ ሰው ሲያወራ በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት ለሱ ብቻ ይያዝለታል፣ ዝም ቢልም ተይዞ ይቆያል። ጥሪውን የሚያስተዳድረውም፣ ድምፁን የሚያገናኘውም፣ የደዋዩን ቁጥር የሚያሳይሽም፣ ሂሳብ የሚቆጥረውም ያው አንዱ ስዊች ነበር። አዲስ ሰርቪስ ልጨምር ካልሽ ስዊቹን የሸጠልሽን ካምፓኒ ደጅ መጥናት ነው፣ እሱም ሲመቸው ነው የሚሰራልሽ።

ሶፍትስዊች መጥቶ የቆረጠው ይሄንን ነው፣ ጥሪ የሚመራው ሰርቨር ለብቻ፣ ድምፁን የሚያሳልፈው ሚድያ ጌትዌይ ለብቻ ሆነና መሀላቸው ኤች.248 የሚባል መነጋገሪያ ፕሮቶኮል ገባ። ከዛ በ3ጂፒፒ (የሞባይል ስታንዳርድ አውጪው) ሪሊዝ 5 አይኤምኤስ (ጥሪን በፓኬት የሚያስተናግደው ሲስተም) መጣ፣ ጥሪው ሁሉ በሲፕ (ጥሪ መክፈቻና መዝጊያ ፕሮቶኮል) ሆነ። ቮልቲ ማለት ይሄው አይኤምኤስ ኤልቲኢ ላይ ሲጫን ነው። ሴቲንግ ውስጥ ቮልቲ የሚል ካለሽ አብሪው፣ ስልክሽ ከተፈቀደለትና ያለሽበት አካባቢ ሰርቪሱ ካለ ስታወሪ 4ጂው ባለበት ይቆያል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ኮር በደንብ ገልጾታል፣ እኔ እዚህ ሜሪላንድ የማየውን ልጨምር። የምኖረው ቤዝመንት ነው፣ ሲግናል የሚባል ነገር አይገባም። ዋይፋይ ኮሊንግ ሳበራ ግን በራሴ ቁጥር እደውላለሁ ይደወልልኛል። ኢንተርኔቱ የሌላ ካምፓኒ ኬብል ነው፣ ጥሪውን የሚያስተናግደው ግን የኦፕሬተሬ አይኤምኤስ ነው፣ ስልኩ ኤፒዲጂ ወደሚባል ጌትዌይ የተመሰጠረ ታነል ይከፍትና ከዛ ወዲያ ያለው ልክ እንደ ቮልቲ ነው። እያወራሁ ወጥቼ መኪና ውስጥ ስገባ ወደ ኤልቲኢ ይሻገራል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይቋረጥም። ተለያዩ ማለት ለኔ ይሄ ነው።

ግን ሌላውንም ጎን እዪው። በ2022 እዚህ ትላልቆቹ ኦፕሬተሮች 3ጂ ሲዘጉ ከሀገር ቤት ወይ ከዱባይ ስልክ ይዘው የመጡ ሰዎች ዳታው ፏ ብሎ እየሰራ መደወል አቃታቸው። ስልኩ ቮልቲ እያለው እንኳ ሞዴሉ ኦፕሬተሩ ከሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ ካልሆነ የስልክ ጥሪ የለም፣ መውረጃ የነበረው 3ጂ ደግሞ ተዘግቷል። አንድ ዘመዴ በ4ጂ ቴሌግራም ላይ እየደወለልኝ "ስልኬ አይደውልም" ይለኛል፣ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር።

አቡዳቢ_ሸዋ፦
እኛ ጋ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ኤምሬትስ ውስጥ ዋትስአፕ ጽሁፉና ቮይስ ሜሴጁ ይሄዳል፣ ጥሪው ግን ዝግ ነው፣ እንደ ቦቲም ያለ የተፈቀደ አፕ ካልሆነ በቀር። ስለዚህ ነጻ ነጻ የምትሉት መንገዱን የያዘው ሰውዬ እስከፈቀደ ድረስ ነው። ቴክኒኩን ለናንተ ትቼዋለሁ።

ቤቲ_ኢሲኢ፦
እናመሰግናለን በጣም! ግን አሁን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ቮልቲም ፓኬት ነው ዋትስአፕም ፓኬት ነው፣ ሁለቱም ያው ኤልቲኢ ላይ ነው የሚሄዱት፣ ታዲያ ሰው ሲበዛ ዋትስአፑ ሲቆራረጥ ቮልቲው ለምን ጥርት ይላል?

ፓኬት_ቆጣሪ፦
እዚህ ላይ ነው የመምህርሽ የመንገድና የመኪና ምሳሌ የሚያሳስትሽ። መንገዱ ውስጡ ያለው ማን እንደሆነ አያውቅም ብለሽ ከያዝሽ ተሳስተሻል፣ አምቡላንስ ሲመጣ እንዲያሳልፍ የሚነግረው ሰው አለ።

ቮልቲ ስትደውዪ ስልክሽ የሲፕ ኢንቫይት (የጥሪ መጠየቂያ መልእክት) ይልካል፣ የአይኤምኤስ በር ላይ ያለው ፒ-ሲኤስሲኤፍ የጥሪውን ዝርዝር ያይና አርኤክስ በሚባለው ኢንተርፌስ ፒሲአርኤፍን (ለማን ምን ያህል እንደሚሰጥ የሚወስነውን) "ለዚህች ሰው ድምፅ መንገድ ክፈትላት" ይለዋል። ፒሲአርኤፍ ለትራንስፖርቱ ያዛል፣ ለጥሪሽ ብቻ የሚሆን ቤረር (የዳታ መስመር) በኪውሲአይ (የጥራት ደረጃ) 1 ይከፈታል፣ የተረጋገጠ ቢትሬት አለው፣ የመዘግየት ጣሪያው 100 ሚሊ ሰከንድ ነው። ዋትስአፕ ከተራ ዳታሽ ጋር ኪውሲአይ 9 ላይ ይጋፋል፣ እሱ ጣሪያው 300 ነው፣ የቢትሬት ዋስትናም የለውም። አፑ ለኦፕሬተሩ ምንም አይነግረውም፣ ኦፕሬተሩም አይጠይቀውም። ሙሉ በሙሉ የተለያየው እንግዲህ ዋትስአፕ ነው፣ ቮልቲ ግን መሀል ላይ አንድ ክር ተትቶለታል፣ ያቺ ክር ናት ጥራቱን የምታመጣው። በኔ አስተያየት ኦፕሬተሮቹ ሰርቪሱን ከትራንስፖርቱ የለዩት ራሳቸው አዲስ ሰርቪስ እየፈጠሩ ሊሸጡ ነበር፣ በልተው የወጡት ግን አፕ ሰሪዎቹ ናቸው።

በነገራችን ላይ መብራት ሲጠፋ የድሮው የቤት ስልክ ይሰራ የነበረውን ታስታውሳላችሁ? 48 ቮልቱ በዛው ሽቦ ከማዕከሉ ባትሪ ይመጣ ነበር። አሁን ድምፁ ፋይበር ላይ ያለ አንድ አፕሊኬሽን ሲሆን ራውተሩን የሚያበራው የቤትሽ መብራት ነው። እንግሊዞቹ የድሮውን መስመር መዝጊያ ወደ ፈረንጆቹ ጥር 2027 የገፉት አንዱ ምክንያት እሱ ነው፣ አሮጊቶች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት የድንገተኛ ጥሪ መሳሪያ በዛ መስመር ላይ ነበር።

ኮር_ላይ_ነኝ፦
ፓኬት ልክ ነው። ቤቲ በአይንሽ ማየት ከፈለግሽ ኦፕን5ጂኤስ (የሞባይል ኮር) እና ካማይሊዮ (የሲፕ ሰርቨር) የሚባሉት ሶፍትዌሮች በነጻ የሚገኙ ናቸው፣ ደህና ራም ያለው ላፕቶፕ ላይ ይነሳሉ፣ ሲያስቸግሩ ግን ያስቸግራሉ። ዋየርሻርክ (ፓኬት ማያ ሶፍትዌር) ከፍተሽ ኢንቫይቱን ፈልጊ፣ ትንሽ ወረድ ስትዪ ኤኤአር የሚባል የዳያሜትር መልእክት ታገኛለሽ፣ ወደ ፒሲአርኤፍ የሚሄደው ጥያቄ እሱ ነው። ካልተነሳልሽ ኮንፊጉን እዚሁ ለጥፊው፣ እናየዋለን።