የክራምስኮይ «የማትታወቅ ሴት»፦ ስሟ ያልታወቀ ሰው ሥዕል ፖርትሬት ሊባል ይችላል?

ጠያቂ፦ ሩሲያዊው ሠዓሊ ኢቫን ክራምስኮይ እ.ኤ.አ. በ1883 የሣለውን «የማትታወቅ ሴት» ሰሞኑን ደጋግሜ ተመለከትሁት። ሴትዮዋ ክፍት ሠረገላ ላይ ተቀምጣ ቁልቁል ታየኛለች። ፖርትሬት የአንድን ሰው መልክና ጠባይ የሚያሳይ ሥዕል ከሆነ፣ የባለመልኳ ስም ያልተነገረበት ሥራ በዚህ ዘርፍ ሊመደብ የሚችለው እንዴት ነው?

አንደኛ መላሽ፦ ማንነቷን ለማወቅ ብዙዎች ደክመዋል፤ እኔ ግን ስሟ የቀረው ሆን ተብሎ ይመስለኛል። ቦታው አልተደበቀምና፤ ከጀርባዋ በክረምቱ ጭጋግ ውስጥ የሚታየው በሴንት ፒተርስበርግ ኔቭስኪ ጎዳና ላይ ያለው የአኒችኮቭ ቤተ መንግሥት አካባቢ ነው። ክራምስኮይ በ1863 የተሰጣቸውን የአፈ ታሪክ ርእስ አንሠራም ብለው ከሥነ ጥበብ አካዳሚው የወጡት 14 ተማሪዎች መሪ እንደነበረ ካስታወስን፣ አማልክትን ትቶ በጎዳና የምታልፍን የዘመኑን ሴት መምረጡ ከእምነቱ ጋር የሚስማማ ነው።

ሁለተኛ መላሽ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ልብሷንም ቀረብ ብለው ይመልከቱት። ጥቁሩ ከፋይ ካፖርት ብርሃኑን ውጦ ያስቀራል፣ የእንስሳ ጠጉር የሆነው ጠርዙ ከጭጋጉ ጋር ለስልሶ ይዋሃዳል፣ ሰማያዊው የሐር ሪባን ግን ያበራል፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት የዘይት ቀለም የተሠሩ መሆናቸውን እስክንረሳ ድረስ። ባርኔጣዋ ላይ ያለው ነጭ የሰጎን ላባም እንዲሁ ነው። በጊዜው ታዲያ ይህ ሁሉ የቅርብ ጊዜ ፋሽን በአንድ ሰው ላይ መከማቸቱ ተመልካቹን አጠራጥሮ፣ አንዳንድ ተቺዎች ክብሯን የሚነካ ስም ሰጥተዋታል። ዛሬ በሞስኮ የሚገኝበት የትሬትያኮቭ ጋለሪ መሥራች ፓቬል ትሬትያኮቭም አልገዛውም ነበር፤ ሥዕሉ ወደ ጋለሪው የገባው በ1925 ነው።

ጠያቂ፦ እጅግ አመሰግናለሁ። እኔም የሴትዮዋን አተያይ እንደ ንቀት ቆጥሬው ነበር።

ሦስተኛ መላሽ፦ ንቀት ብቻ አይመስለኝም። ሠዓሊው እኛን መንገድ ላይ፣ እርሷን ከፍ ባለው መቀመጫ ላይ ስላደረገን ቁልቁል ማየቷ ግድ ነው። ከዚያ በኋላ አፏን ሸፍነው ዐይኖቿን ብቻ ይመልከቱ፤ ሽፋሽፍቶቿ ከብደዋል፣ ዐይኖቿም ውኃ ያቀረሩ ይመስላሉ። እኔ እዚያ የማየው ሰዎች ሲታዘቧት የኖረች፣ ራሷም ስትታዘበን የቆየች ሴት ሐዘን ነው።