ዲያዜፓም ካቆምኩ በኋላ የሚመላለሰውን ጭንቀት በእርጋታ እንዴት ልለፈው?

መምህርት ከሐዋሳ (ጠያቂ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በሐዋሳ ከተማ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ከወሊድ በኋላ እንቅልፍ አጥቼና ተጨንቄ በነበረበት ወቅት በሐኪም ትእዛዝ ዲያዜፓም ጀመርኩ፤ ለጥቂት ሳምንታት የታሰበው ኪኒን ግን ዓመታትን አስቆጠረ። በኋላ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ቀርቤ መጠኑ ወራት በፈጀ ጊዜ ቀስ በቀስ ተቀንሶልኝ፣ ከፋሲካ ወዲህ ሙሉ በሙሉ አቁሜያለሁ።

አሁን የሚያስቸግረኝ መመላለሱ ነው። አንድ ሰሞን ደህና እሆናለሁ፤ ክፍል ገብቼ አስተምራለሁ፣ ልጄን ይዤ ወደ ጉዱማሌ ወርጄ ሐይቁ ዳር እቀመጣለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ያለ ምንም ምክንያት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ልቤ እየደለቀ እነቃለሁ፣ ጆሮዬ ይጮኻል፣ የእግሬን ጣቶች ይነዝረኛል፣ በማግስቱም የባጃጅ ጥሩንባ ሳይቀር ያስበረግገኛል። ይህን ሁሉ እችለው ነበር፤ አቅሜን የሚጨርሰው “የድሮው ሕመም ተመለሰ፣ የደከምኩበት ሁሉ ከንቱ ቀረ” የሚለው ሐሳብ ነው። መቋረጡ ያመጣውን ከድሮው ሕመም በምን ልለየው? በክፉዎቹ ቀናትስ ተስፋ ሳይቆርጡ እንዴት ይታለፋል? ቀጠሮዬ ገና ስለሆነ፣ የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ፋርማሲስት

ውድ መምህርት፣ በዚሁ ከተማ በፋርማሲ ሙያ እሠራለሁ። የምጽፈው የሐኪምዎን ምክር አይተካም፤ ሆኖም በሰውነትዎ ውስጥ የሚካሄደውን ማወቅ ፍርሃቱን በከፊል ያቀለዋል ብዬ አምናለሁ።

ዲያዜፓም ጋባ የተባለውንና አእምሮን የሚያረጋጋውን ኬሚካል ሥራ ያጎላል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የነርቭ ሥርዓታችን ይህን የውጭ እርዳታ ስለሚለምድ ለራሱ ማረጋጊያ የሚሰጠውን ምላሽ ያለዝባል፤ እርዳታው ሲቀር ደግሞ በአንድ ጀንበር ወደ ሚዛኑ ስለማይመለስ፣ ድምፅም ብርሃንም ትንሽ ድንጋጤም ከልክ በላይ ጎልተው ይሰማሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2020 በዚህ የመድኃኒት ዘር ላይ ማስጠንቀቂያውን አጠናክሯል፤ በተሻሻለው የመድኃኒቱ መግለጫ ላይም በአንዳንድ ሰዎች ምልክቶቹ ከሳምንታት አንሥቶ ከ12 ወራት በላይ ሊቆዩ እንደሚችሉ ሰፍሯል። ይህን የምጠቅሰው ከፋሲካ ወዲህ ያለው ጊዜ ለሰውነትዎ ገና አጭር መሆኑን እንዲያውቁልኝ ነው።

ስለ መለየቱ ከጠየቁኝ፣ መድኃኒቱን ከመጀመርዎ በፊት ፈጽሞ ያልነበሩ ነገሮች፣ ለምሳሌ የጆሮ ጩኸቱ፣ የእግር መንዘሩና ለድምፅ መበርገጉ፣ ከመቋረጡ ጋር የመያያዛቸው ዕድል ሰፊ ነው፤ በመካከል ደህና ቀናት እየገቡ መመላለሱም የዚሁ ጠባይ ነው። በአንጻሩ ለሳምንታት ሳያባራ የሚዘልቅ ሐዘን፣ ከሁሉ ነገር ፍላጎት ማጣት፣ ወይም የድሮው ሕመም በቀድሞ መልኩ እየባሰ መምጣት ካለ ሐኪም ሊመዝነው ይገባል። ሁለቱ አብረው ሊኖሩም ስለሚችሉ በራስዎ ፍርድ አይዝጉት። እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት፣ ግራ መጋባት፣ የሌለ ነገር ማየት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ይህን የሚያነብና አሁንም ኪኒኑን እየወሰደ ያለ ሰው ካለ በድንገት እንዳያቆም አደራ እላለሁ፤ አደገኛ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 በአሜሪካ የሱስ ሕክምና ማኅበር መሪነት የወጣው መመሪያ ቅነሳው በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ በሆነ መጠን እንዲጀመርና በሰውየው ሁኔታ እንዲስተካከል ይመክራል።

ጡረተኛ ከታቦር ሥር

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። እኔም ባለቤቴን ካጣሁ በኋላ ከዲያዜፓም ጋር አንድ ዘር የሆነው ብሮማዜፓም ይታዘዝልኝ ስለነበር ያልሽውን ሌሊት አውቀዋለሁ። ሰው ሁሉ “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ይለኝ ነበር፤ ነገሩ እውነት ቢሆንም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ለነቃ ሰው አያጽናናም።

እኔን የጠቀመኝን ልንገርሽ። ስነቃ ሰዓት አላይም ነበር፣ ምክንያቱም ሰዓት ያየ ሰው እስኪነጋ የቀረውን መቁጠር ይጀምራል። እንቅልፉ ቶሎ ካልተመለሰ አልጋው ላይ ከመገላበጥ ተነሥቼ ወንበር ላይ እቀመጥና ድምፄን ዝቅ አድርጌ ዳዊት እደግም ነበር። ከጸሎቱ በረከት ሌላ፣ እያንዳንዱን መስመር እስከ መጨረሻው በአንድ ትንፋሽ ለማለት ስትሞክሪ ወደ ውጭ የሚወጣው ትንፋሽ ሳታስቢው ይረዝማል፤ ትንፋሽ ሲረዝም ደግሞ የልብ ምት እየሰከነ ይሄዳል። ዳዊት የማይደግም ሰው የልጁን የንባብ መጽሐፍ ቢያነብም ያው ነው። የቱንም ያህል ብተኛ በየቀኑ በአንድ ሰዓት እነሣለሁ፤ ማለዳ ወደ አሞራ ገደል በእግሬ ወርጄ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ ትልልቆቹ አሞራዎችም የሚጣልላቸውን የዓሣ አንጀት ሲሻሙ ቆሜ አይና እመለሳለሁ።

ሌላው፣ ማታ ማታ ማስታወሻ እይዝ ነበር። የዛሬን ቀን ከትናንት ጋር ካስተያየሽ ትከስሪያለሽ፤ ወርን ከወር ጋር አስተያዪ። እኔ የጻፍኩት የተሰማኝን ሳይሆን የሠራሁትን ነው፦ “ለቅሶ ደርሼ እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ፣ ታቦር እስከ ወገቡ ወጣሁ” እያልኩ። በክፉ ቀን የቀደመውን ወር ገልጦ ማንበብ ሰው ከሚሰጠው አይዞህ የበለጠ ያሳምናል፤ የራስሽ የእጅ ጽሑፍ ነዋ።

እህት ከአቶቴ

አባታችን ስለ ማስታወሻው ያሉትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ለሁሉም ሰው አይበጅም። ወንድሜ ከአደጋ በኋላ ለሕመም ማስታገሻ የታዘዘለትን ትራማዶል በሐኪም ክትትል ባቆመበት ወቅት የልብ ምቱን በስልኩ እየለካ መመዝገብ ጀምሮ ነበር፤ መድኃኒቱ የተለየ ቢሆንም ላቡ፣ ሽብሩና እንቅልፍ ማጣቱ ከእርስዎ ጋር ይመሳሰላል። መዝገቡ በሰፋ ቁጥር ፍርሃቱ ሰፋ፤ ሐኪሙ እንዲተወው ባይነግረው ኖሮ ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲመረምር ይውል ነበር። ስለዚህ ከተጻፈ እርሳቸው እንዳሉት የተሠራው ብቻ ቢጻፍ እመርጣለሁ።

እኔ በተለይ ለቤተሰብ የምለው አለኝ። በየማለዳው “ዛሬስ ተሻለህ?” እያልን እንጠይቀው ነበር፤ ጥያቄው ከፍቅር ቢመጣም፣ ደህና ያደረበትን ቀን እንኳ ከውስጡ ሕመም እየፈለገ እንዲጀምር ያደርገው እንደነበር ራሱ ነገረን። ከዚያ በኋላ መጠየቁን ትተን ሥራ እንሰጠው ጀመር። እናቴ ሰፌዱን መካከላቸው አድርጋ ምስር አብረው ሲለቅሙ፣ መጀመሪያ እጁ እየተንቀጠቀጠ ጠጠሩን ከነምስሩ ይጥል ነበር፤ እርሷም አይታ እንዳላየች ስለ ጎረቤት ወሬ ትቀጥላለች፣ ጥቂት ቆይቶ እጁ ይረጋል። የእርስዎም ባለቤት ወይም እናት ይህን ቢያነቡ ደስ ይለኛል።

ጾም ላይ ከሆኑም ለንስሐ አባትዎ ሁኔታዎን ይንገሩ። ባዶ ሆድ የሚያመጣው መንቀጥቀጥና የልብ ምት ከጭንቀቱ ጋር ስለሚመሳሰል ወንድሜን ብዙ ጊዜ በከንቱ አስደንግጦታል። ጸበልም ይሄድ ነበር፤ እኛም አልከለከልነው፣ ሐኪሙም አልተቃወመም፤ የተስማማነው ጸበሉም ቀጠሮውም እንዳይቀሩ ነው።

መምህርት ከሐዋሳ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጆሮ ጩኸቱ ከመድኃኒቱ በፊት እንዳልነበረብኝ አሁን ነው ያስተዋልኩት፤ ይህ ብቻ ትልቅ እፎይታ ሰጥቶኛል። ፋርማሲስቱን ሦስት ነገር ልጠይቅ። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ በመምህራን ክበብ ቡና መጠጣት ልማዴ ነው፤ ይጎዳኛል? አንዲት ባልደረባዬ ለእንቅልፍ ይረዳሻል ብላ ከራሷ አሚትሪፕቲሊን ልትሰጠኝ ነበር፤ ብወስደውስ? ደግሞም ለክፉ ቀን ብዬ ያስቀመጥኩት የዲያዜፓም ኪኒን ቅጠል መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ መኖሩ ያረጋጋኛል፣ ነገር ግን ሌሊት ሌሊት ስለ እርሱ አስባለሁ።

ፋርማሲስት

በጤነኛ ሰው ሰውነት ውስጥ ከጠጣው ቡና ግማሹ ካፌይን ለመወገድ 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ስለዚህ የ10 ሰዓቱ ቡናዎ ማታ 3 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ አብሮዎት አለ ማለት ነው። ቡናን ፈጽሞ መተው ለብዙዎቻችን ሌላ ፈተና ስለሆነ ወደ ጠዋት ቢያዛውሩትና ከአቦል ባያልፉ ይበቃል። ጫት ግን አነቃቂ በመሆኑ፣ አልኮልም ዲያዜፓም በሚነካው በዚያው የጋባ ሥርዓት ላይ ስለሚሠራ፣ ሁለቱንም ይራቁ።

አሚትሪፕቲሊኑን አይውሰዱ። እንቅልፍ ቢያመጣም የልብ ምት ሥርዓትን ሊያውክ ይችላል፣ ሲቋረጥም የራሱ ምልክቶች አሉት፤ የሚያስፈልግዎ ከሆነ ሐኪምዎ መርምሮ ያዝልዎታል።

ከሦስቱ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የመሳቢያው ቅጠል ነው። በክፉ ሌሊት አንድ፣ በሌላው ክፉ ሌሊት ደግሞ አንድ እየተባለ የሚወሰድ ኪኒን ሰውነት የጀመረውን መላመድ ያዘገየዋል፤ ውሳኔውም በጣም በደከሙበት ሰዓት ላይ ይወድቅብዎታል። ለሐኪምዎ ይንገሩትና እርሱ በሚልዎት መንገድ ወደ ፋርማሲ ይመልሱት፤ እስከዚያው ልጅዎ በማይደርስበት ቦታ ባለቤትዎ ቆልፎ ያስቀምጥልዎ። ቀጠሮው ከራቀብዎት ደግሞ ካርድዎን ይዘው ወደ ክሊኒኩ ቀረብ ብለው እንዲያቀርቡልዎ ይጠይቁ፤ ምልክቶቹ እንቅልፍ እየነሡዎት መሆኑን ከነገሯቸው በቂ ምክንያት ነው።